ልጆች ብቻዬን እያሳደግኩ ዲግሪ ጀምሬ ዕዳው ከበደኝ፤ ከየቱ ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ፣ የማሳድጋቸው ብቻዬን ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) በሳምንት 24 ሰዓት እሠራለሁ፣ በሰዓት 19 ዶላር። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነርሲንግ ቅድመ ትምህርቶችን ጀምሬያለሁ፣ ከዚያ ወደ ዲግሪ ለመዛወር ነው። ዕዳዬ ይኸው፦

ካርድ አንድ 4,100 ዶላር በ29 በመቶ፤ ካርድ ሁለት 2,800 በ26፤ ካርድ ሦስት 2,500 በ24። የሆስፒታል ቢል 1,850፣ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ 4 ወር ሆኖታል፣ አሁን ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) እንልካለን ብለዋል። አምና ካቋረጥኩት ሰሚስተር ለኮሌጁ የቀረ 620፣ በሱ ምክንያት መመዝገብ አልቻልኩም። በወር 100 ዶላር እቁብ እጥላለሁ፤ 20 ሰው ነን፣ ዕጣዬ አልወጣም።

በየወሩ ሚኒመሙን እከፍላለሁ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ላቁም? የተማሪ ሎን ወስጄ ካርዶቹን ልዝጋ? በሬዲዮ ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን የሚሉትስ ያዋጣሉ?

አባ መላ

እህቴ፣ ዕዳን በትልቅነቱ ሳይሆን በሚያደርስብሽ ጉዳት ደርድሪው። እንደዚያ ሲታይ የመጀመሪያው 620ዋ ናት፣ ወለድ ባይኖራትም። ምዝገባሽን ስለዘጋች ፔል ግራንትሽንም (የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ) ይዛዋለች። የ2025–26 ሙሉ ፔል 7,395 ዶላር ነው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ተማሪ ገቢዋ ከድህነት መስመሩ 225 በመቶ ካልበለጠ ሙሉውን ታገኛለች፤ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ይህ ከ55 ሺህ በላይ ነው፣ ያንቺ 23,700 ገደማ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከክፍያው ይተርፋል፣ ትርፉም ለተማሪዋ ይሰጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የዘንድሮ ፔል የአምናን ዕዳ ይከፍልልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ኮሌጁ ከዘንድሮው የፌዴራል ዕርዳታ ላለፈው ዓመት ሒሳብ ማዋል የሚችለው 200 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ተቀባይ ቢሮው (ቡርሳር) ሄደሽ በጽሑፍ የክፍያ ስምምነት ጠይቂ፣ ለምሳሌ 155 ዶላር ለ4 ወር። ከመፈረምሽ በፊት «እገዳው የሚነሳው በመጀመሪያው ክፍያ ነው ወይስ በመጨረሻው?» በያቸው። በመጨረሻው ካሉ የፋይናንሻል ኤይድ ኃላፊውን አነጋግሪ፤ ሰሚስተሩ ሊያመልጥሽ ነውና።

ያቺ 620 እንዴት እንደመጣችም ልብ በይ። ከሰሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ሁሉንም ክፍል ያቋረጠ ተማሪ ያልተማረበትን ዕርዳታ ኮሌጁ ወደ መንግሥት ይመልሳል፣ ልዩነቱም በተማሪው ላይ ይጻፋል። በ15 ሳምንት ሰሚስተር ይህ 9ኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ልጅ ታሞ እንኳ ማቋረጥ ቢመጣ፣ ከተቻለ ያንን ቀን እለፊው፣ ወይም አንዱን ክፍል ብቻ ተዪ።

የቢሮ ሰው

ስለ ካርዶቹ። የ4,100ው ወለድ ብቻ በወር 99 ዶላር ነው፣ የሁለተኛው 61፣ የሦስተኛው 50። ድምሩ 210። ሚኒመም አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ላይ የዕዳውን 1 በመቶ ጨምሮ ነው የሚሰላው፤ ከመጀመሪያው ካርድ ላይ 140 ስትከፍዪ ዕዳው የሚቀንሰው በ41 ብቻ ነው። ንቅንቅ አይልም ያልሽው ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛ፣ ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለሽ «ሃርድሺፕ ፕሮግራም» አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ለ6 ወይም ለ12 ወር ወለድ የሚቀንሱ ባንኮች አሉ። ሁለተኛ፣ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ዘንድ የዕዳ አስተዳደር ፕላን ማስገባት። ወለዱ ብዙ ጊዜ ወደ 8 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከፈላል። 9,400 ዶላር በ8 በመቶ በ60 ወር ሲከፈል 191 ዶላር ይደርሳል። አሁን ለወለድ ብቻ ከምታወጪው ያንሳል! የአገልግሎት ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው እንዲቀነስ ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ጉዳቱ ካርዶቹ ይዘጋሉ።

የሬዲዮዎቹ ሌላ ናቸው። መክፈል አቁሙ ይሉሻል፣ በዚያ ወራት ወለድና ቅጣት ይከመራል፣ ሊከሱሽም ይችላሉ። የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊያስከፍል ይችላል። በስልክ የሚያስመዘግቡ ድርጅቶች ዕዳ ከማስቀነሳቸው በፊት ክፍያ መቀበል በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ «ቅድሚያ ክፈዪ» ካሉሽ ዝጊባቸው።

ሎኑን በተመለከተ፦ የተማሪ ሎን ለትምህርትና ለኑሮ ወጪ እንጂ ለካርድ አይደለም። ደግሞም የካርድ ዕዳ በባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት ኪሳራ በማወጅ) ሊሰረዝ ይችላል፣ የተማሪ ሎን ግን በጣም አስቸጋሪ ነው። ቀላሉን ዕዳ ወደ ከባዱ አትለውጪው። የሕፃናት እንክብካቤ ወጪሽን ግን የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በትምህርት ወጪ ስሌትሽ ውስጥ እንዲጨምር በጽሑፍ ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ አያስገቡትም።

ቀጠና 9

ዜሮ ወለድ ያለው ካርድ አውጥታ ብታዛውረውስ?

የቢሮ ሰው

ካገኘች ጥሩ ነው። ግን ሦስት ካርድ ሞልታ የያዘች ሰው ብዙ ጊዜ አይፈቀድላትም፣ ቢፈቀድም ከ3 እስከ 5 በመቶ ማዛወሪያ አለው። ጊዜው ሲያልቅ ወለዱ ተመልሶ ይመጣል። እቁቧ ይሻላታል። 2,000 ዶላር ከ29 በመቶው ካርድ ላይ ሲነሳ በወር 48 ዶላር ወለድ ይቀራል። ዕጣ የሚሸጥላት አባል ካለ፣ በ100 ዶላር እንኳ ብትገዛ በሁለት ወር ገደማ ትመልሰዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ከመጣል ወደኋላ ማለት የለም፤ ዋስሽን ታስጠምጃለሽ።

ወለተ ነርስ

ሆስፒታሉን እስካሁን መክፈል ካልጀመርሽ አትጀምሪ፣ ቅጹን ሙዪ። ሜሪላንድ ውስጥ ገቢው ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ በታች የሆነ ታካሚ ነፃ ሕክምና ይገባዋል። ለሦስት ሰው ይህ በ2025 ሒሳብ 53,300 ዶላር ነው፣ አንቺ ከዚያ በጣም ታንሻለሽ። ማመልከቻው ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ይቀበላሉ። 4 ወር ስላለፈ ወደ 120 ቀን ቀርቶሻል፤ ቅጹን ከደመወዝ ማስረጃና ከታክስ ወረቀት ጋር በሪኮመንዴ ላኪ፣ ቅጂ ያዢ። አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጊ። ዶክተሩ ለብቻው የላከው ቢል ካለ ግን በሆስፒታሉ ፖሊሲ ላይሸፈን ይችላል፣ እሱን ለይተሽ ጠይቂ።

ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ዕርዳታ) «ተማሪ ነሽ» ብለው ከልክለውሽ ከሆነ ደግመሽ አመልክቺ። በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ከክልከላው ውጭ ነው፣ ከ6 ዓመት በታች ልጅ የሚንከባከብም እንዲሁ። ግሪን ካርድሽ 5 ዓመት ካልሞላው ለልጆቹ ብቻ ጠይቂ። ፉድ ስታምፕ ካለሽ ደግሞ የ4 ዓመቱ ልጅ ለሄድ ስታርት (የፌዴራል የቅድመ ትምህርት ቤት ፕሮግራም) ገቢ ሳይጠየቅ ብቁ ነው፤ ቦታ ካለ ነፃ ነው፣ የዴይኬሩን ወጪ ይቀንሳል።

ታክስ ሠሪ

አምና የታክስ ሪፈንድሽ (ተመላሽ ገንዘብሽ) ስንት ነበር? ታክስ ማሠሪያስ ስንት ከፈልሽ?

ጠያቂዋ

5,900 አካባቢ ነው የገባልኝ። ማሠሪያ 450። ሥራዬ አምናም ይኸው ነበር። ለካርዱ እከፍላለሁ ስል አለቀ።

ታክስ ሠሪ

እንግዲህ እዚህ ላይ ዕዳሽን የሚያክል ገንዘብ አለ። 5,900 አንድ ልጅ ብቻ የተመዘገበበት ፎርም ይመስላል። በአንቺ ገቢና በሁለት ልጅ በፈረንጆቹ 2024 ሒሳብ ኢአይቲሲው (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት) ወደ 6,750፣ የልጅ ክሬዲቱ ተመላሽ ክፍል ወደ 3,180፣ ድምሩ 9,900 ገደማ ነው። ወረቀቱን አውጥተሽ ሁለቱም ልጆች መኖራቸውን እዪ። አንዱ ከሌለ፣ 1040-ኤክስ በሚባለው ፎርም ማስተካከያ ለ3 ዓመት ይፈቀዳል። አባቱ ልጁን በራሱ የታክስ ፎርም ላይ አስመዝግቦት ከሆነ ደግሞ የሚታየው ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ያደረው ከማን ጋር ነው የሚለው ነው፤ አድራሻሽ ያለበት የትምህርት ቤት ደብዳቤና የሕፃናት ሐኪም መዝገብ ሰብስቢ። የሦስታችሁም ሶሻል ሴኩሪቲ ለሥራ የሚያገለግለው መሆን አለበት።

450 መክፈሉም አያስፈልግም። ቪታ በሚባለው ፕሮግራም የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይሠሩልሻል። «ዛሬውኑ ገንዘቡን እንስጥሽ» የሚሉት ብድር ነው። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ኢአይቲሲ ያለበትን ሪፈንድ ከፈረንጆቹ የካቲት (ፌብሩዋሪ) አጋማሽ በፊት አይለቅም። ሜሪላንድም ሞንትጎመሪ ካውንቲም በፌዴራሉ ኢአይቲሲ ላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

ጠያቂዋ

አሁን አየሁት፣ እውነትም ትንሹ ልጅ የለበትም! ቢመጣልኝ ሁሉንም በካርዶቹ ላይ ላድርገው?

አባ መላ

ሁሉንም አይደለም። 1,500 ለብቻ አስቀምጪ፤ አለዚያ መኪና ሲበላሽ ተመልሰሽ ካርድ ትስቢያለሽ። ከኮሌጁ የቀረ ካለ ዝጊ። ከዚያ የ29 በመቶውን ሙሉ በሙሉ፣ ቀጥሎ የ26ቱን።

የቢሮ ሰው

ማስተካከያው ወራት ሊወስድ ስለሚችል በሱ አትጠብቂ። አማካሪውን በዚህ ሳምንት ደውዪለት፣ ግን ከመፈረምሽ በፊት «ሪፈንድ ሲመጣ ቀድሜ ብዘጋ ቅጣት አለው?» በይው። ቅጣት የለውም ካለ ግቢበት፤ ፕላኑ ውስጥ ለገቡት ካርዶች ያደረግሽውን አውቶማቲክ ክፍያ ግን አጥፊ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥብሽ።