ላይትሃውስ 100 ይሰጠኛል፣ ጎግል ላይ ግን የሚወጣው መነሻ ገጹ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ማህሌት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፎች የማወጣበት ዌብሳይት አለኝ። ክሮም ላይ ኤፍ12 ነክቼ ላይትሃውስ የሚባለውን የገጽ መመርመሪያ ሳስኬደው የኤስኢኦ (በፍለጋ የመገኘት) ነጥቡ 100 ይላል። መነሻ ገጹም፣ ጽሑፎቹም ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ጎግል ላይ ስፈልግ ግን ከመነሻ ገጹ በስተቀር ምንም አይወጣም። የጽሑፉን ርዕስ ቃል በቃል ብጽፍም የለም። ኤፍ12 ከሚከፍተው ከዴቨሎፐር ቱልስ የማውቀው ቀለምና የፊደል መጠን ቀይሮ መሞከር ብቻ ነው። ችግሩን እዛው ውስጥ ማግኘት ይቻላል? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በረከት

ይቻላል። መጀመሪያ ግን 100ውን እርሺው። ላይትሃውስ የሚያየው መሠረታዊ ነገሮችን ነው፦ ገጹ ርዕስ አለው ወይ፣ ማብራሪያ አለው ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ጎግል ገጹን መዝግቦት (ለፍለጋ ኢንዴክስ አድርጎት) እንደሆነ ግን ላይትሃውስ አያውቅም።

አሁን አንዱን ጽሑፍ ክፈቺና ኮንትሮልና ዩ ተጫኚ። የሚመጣልሽ ሰርቨሩ የላከው ጥሬ ኤችቲኤምኤል (የገጹ ኮድ) ነው። ኤለመንትስ ታብ ላይ ያለው ግን ጃቫስክሪፕቱ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሚገኘው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ከጽሑፍሽ መሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጊና ጥሬው ውስጥ ፈልጊው። አለ?

ማህሌት

የለም! ከላይ ጥቂት መስመር፣ ከዚያ ባዶ ዲቭ (ምንም ያልያዘ ሳጥን)፣ ከዚያ የስክሪፕት መዓት። ኤለመንትስ ላይ ግን ሙሉ ጽሑፉ አለ።

መልስ፦ ፈጣኑ

በጃቫስክሪፕት የተሠራ ሳይት ሁሌም ከባድ ነው። ፐርፎርማንስ ታብን ክፈችና ኤልሲፒውን (ትልቁ ይዘት እስኪታይ የሚፈጀውን ጊዜ) እዪ። ከ2.5 ሰከንድ ካለፈ ችግርሽ እሱ ነው።

መልስ፦ ዮዲት

ፈጣኑ፣ ትንሽ ቆይ። ገጹ ጭራሽ ካልተመዘገበ ቢፈጥን ምን ያደርግላታል?

ማህሌት፣ ባዶ ዲቭ ጥሩ ነገር ባይሆንም ጎግል ጃቫስክሪፕት ያስኬዳል። ስለዚህ ምዝገባው ሊዘገይ ይችላል እንጂ ሁሉም ጽሑፍ ድራሹ አይጠፋም። ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ኔትወርክ ታብን ክፈቺና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊ። ዶክ የሚለውን ማጣሪያ ከነካሽ የገጹ መስመር ብቻዋን ትቀራለች። እሷን ንኪያት። ሄደርስ ውስጥ ስታተስ ኮዱ 200 (ገጹ በትክክል መጣ ማለት ነው) መሆኑን፣ ኤክስ ሮቦትስ ታግ የሚል ለፍለጋ ሮቦቶች ትእዛዝ የሚሰጥ መስመር መኖር አለመኖሩን እዪ። ከዚያ ሪስፖንስ ውስጥ ግቢና ሮቦትስ የሚለውን ቃል ፈልጊ።

ማህሌት

200 ነው። ኤክስ ሮቦትስ ታግ የለም። ሪስፖንስ ውስጥ ግን ሜታ ሮቦትስ ላይ ኖኢንዴክስ (አትመዝግብ) ይላል። ኤለመንትስ ላይ ስሄድ ደግሞ እዛው ቦታ ኢንዴክስ (መዝግብ) ነው የሚለው። የቱን ልመን?

ዮዲት

ጥሬውን። ጎግል ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። እዛ ላይ ኖኢንዴክስ ካየ ጃቫስክሪፕቱን ሳያስኬድ ሊተወው ይችላል። ስክሪፕትሽ በኋላ ኢንዴክስ ብሎ ቢቀይረውም የሚያይለት የለም። ላይትሃውስ ደግሞ የሚያየው የተቀየረውን ነው፤ 100 የሰጠሽ ለዚህ ነው።

በስክሪፕት አታስተካክዪው። ሰርቨሩ ላይ ካለው ቴምፕሌት (ገጾቹ ከሚሠሩበት ቅጽ) አጥፊው። ብዙ ጊዜ ሳይቱ ገና እየተሠራ እያለ እንዳይታይ ተብሎ የሚገባ ነው፤ ሲለቀቅ ማን ያስታውሰዋል? አንድ ነገር ልጨምር፦ እስኪስተካከል ብለሽ ጽሑፎቹን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ (ሮቦቶች የት እንዳይገቡ የሚነግር ፋይል) ላይ እንዳትዘጊ። ከዘጋሻቸው ጎግል ገብቶ ኖኢንዴክሱ መነሳቱን ማየት አይችልም።

መልስ፦ ሽቦ

ኖኢንዴክሱ ተነሳ እንበል። ጎግል ጽሑፎቹን በየት በኩል ያገኛቸዋል? መነሻ ገጹ ላይ አንዱን ርዕስ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢንስፔክት በዪ። ኤ ታግ (ሊንክ) ሆኖ ኤችሬፍ ውስጥ አድራሻ ካለው ሰላም ነው። ዲቭ ሆኖ ኦንክሊክ (ሲነካ ብቻ የሚሠራ ትእዛዝ) ብቻ ከያዘ ግን ለሰው በር፣ ለጎግል ግድግዳ ነው። ገጾችን የሚያስሰው የጎግል ፕሮግራም (ጎግልቦት) እንደ ሰው እየነካካ አይዞርም። «ተጨማሪ አሳይ» የሚለው ሲነካ ብቻ የሚመጡ ጽሑፎችም ዕጣቸው ያው ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ተጭነሽ ዲሴብል ጃቫስክሪፕት ብለሽ ጻፊና ሪፍሬሽ አድርጊ። የሚቀርልሽን ታያለሽ። ዴቨሎፐር ቱልሱን ስትዘጊው ራሱ ይመለሳል፣ አትደንግጪ።

ማህሌት

ርዕሶቹ ኤ ታግ ናቸው፣ ተመስገን። ኔትወርክ ኮንዲሽንስ ውስጥ ዩዘር ኤጀንቱን (ብሮውዘሩ ለሰርቨሩ የሚናገረውን ስም) ጎግልቦት ማድረግ ይቻላል የሚል ነገርም አንብቤ ነበር። ይጠቅማል?

ሽቦ

ሰርቨሩ ለዚያ ስም የተለየ ገጽ እየላከ ከሆነ ያጋልጥልሻል። ከዚያ በላይ አትመኚው። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው፤ አይፒው ያንቺው ነው። ፋየርዎል እውነተኛውን ጎግልቦት እየመለሰው ከሆነ በዚህ አይታወቅም። ለሱ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ነው የሚያስፈልግሽ።

ፈጣኑ

እሺ፣ ቅድሚያው የዮዲት ይሁን። ስትጨርሺ ግን የኔንም እዪልኝ። ፐርፎርማንስ ታብ ላይ ኤልሲፒው የትኛው ኤለመንት እንደሆነ ይነግርሻል። ከላይ ያለው ትልቁ ምስል ከሆነ ንኪውና ሎዲንግ ሌዚ (ዘግይቶ ይጫን) የሚል እንዳለበት እዪ። ለታችኞቹ ምስሎች ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያው ግን ያዘገየዋል፤ አንሺው። አይኤንፒም (ገጹ ሲነካ ምላሽ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ) ከ200 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ያንቺ ኮምፒውተር ፈጣን ከሆነ ቁጥሩ ያታልልሻል፤ ሲፒዩውንም ኔትወርኩንም በትሮትሊንግ (ሆን ብሎ በማዘግየት) ቀንሰሽ ለኪው።

ማህሌት

ከቴምፕሌቱ አጠፋሁት፣ ሪስፖንሱ አሁን ንጹሕ ነው። ዝም ብዬ ልጠብቅ?

በረከት

መጀመሪያ ኔትወርክ ታብ ላይ ዲሴብል ካሽ የሚለውን ምልክት አድርጊና እንደገና እዪው፤ የድሮውን ወይም የተቀመጠ ቅጂ እያየሽ እንዳይሆን። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የአንዱን ጽሑፍ አድራሻ አስገቢና በቀጥታ እንዲፈትሸው አድርጊ። ጎግል ራሱ ያየውን ኤችቲኤምኤል ያሳይሻል፤ ቅድም የፈለግሽውን ዓረፍተ ነገር እዛ ውስጥ ፈልጊ። ከተገኘ ዋና ዋናዎቹን ጥቂት ጽሑፎች እንዲመዘገቡ ጠይቂ። ለቀሩት ሳይትማፑን (የሳይቱን አድራሻዎች ዝርዝር) ማስገባት ይበቃል፣ አንድ በአንድ አትልፊ።