የመምህርነት ላይሰንስ እንደ መንጃ ፈቃድ በሁሉም ስቴት ይሥራ? (ክርክር)

አወያይ፦
ጥያቄው አጭር ነው። በአንድ የአሜሪካ ስቴት ሙሉ የመምህርነት ላይሰንስ ያለው ሰው ሌላ ስቴት ሄዶ ሲያመለክት አዲስ ፈተናና ኮርስ ሊጠየቅ ይገባል ወይስ አይገባም? በ2023 አሥር ስቴቶች በሕግ አጽድቀውት የመምህራን ዝውውር ኮምፓክት (ስቴቶች አንዱ የሌላውን ላይሰንስ ለመቀበል የተዋዋሉት ስምምነት) በሕግ ጸንቷል፤ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ዩታና ኬንታኪ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። «እኔ እንዲህ ደርሶብኝ» የሚለውን ትተን አሠራሩ ላይ እንነጋገር።

ቬጋስ፦
አይገባም። የፓይታጎረስ ቀመር ኦሮራም (ኮሎራዶ) ቬጋስም (ኔቫዳ) ያው ነው። ኮምፓክቱ የሚፈልገው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ስቴት ያጸደቀውን የመምህራን ሥልጠና መጨረስና እገዳ የሌለበት ሙሉ ላይሰንስ ነው። ይህን ላሟላ ሰው፣ ተቀባዩ ስቴት የጀርባ ምርመራውን ራሱ አድርጎ፣ ከነበረው ጋር በጣም የሚቀራረበውን ላይሰንስ ይሰጠዋል። አባል ያልሆኑት ግን በቆየው የናስድቴክ (የስቴት ላይሰንስ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር) ስምምነት ነው የሚሠሩት። እሱ ስሙ ስምምነት ይባል እንጂ እያንዳንዱ ስቴት «የምቀበለው ይህን ይህን ነው» ብሎ የጻፈው ዝርዝር ነው። አንዱ የሌላውን ተቀበለ ማለት ያኛውም የዚህን ይቀበላል ማለት አይደለም። «ሬሲፕሮሲቲ (መቀባበል) አለ» ሲባል ሰምቶ ቤት የለቀቀ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተጓዘ በኋላ ነው።

አርሊንግተን፦
ወንድሜ ቬጋስ፣ መንጃ ፈቃድም ቢሆን ስቴት ስትቀይር ይቀየራል እኮ! የፕራክሲስ (ብዙ ስቴቶች ለላይሰንስ የሚጠይቁት የመምህራን ፈተና) ማለፊያ ነጥብ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሁሉም ሁሉን ይቀበል ካልን ሰው በዝቅተኛው በር ገብቶ በፈለገበት ይወጣል። ደግሞ «ተጨማሪ» እየተባለ የሚማረርበት ነገር ምን ያህል ነው? ቨርጂኒያ የሌላ ስቴት ሙሉ ላይሰንስ ላለው ፈተናውን ትተወዋለች። የምትጠይቀው በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የመለየት ሥልጠና፣ የዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) ሥልጠና፣ ከዚያ የመጀመሪያ እርዳታ ከሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረግ እርዳታ) እና ከኤኢዲ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ) ጋር ነው። ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ያልቃሉ። ሰው የሚሳሳተው ሲፒአሩ ላይ ነው፤ በእጅ ልምምድ ያለበት መሆን ስላለበት ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የተወሰደው ይመለሳል። አሪዞና ደግሞ የአሜሪካንና የራሷን ሕገ መንግሥት ኮርስ ወይም ፈተና ትላለች፤ ግን ላይሰንሱን ሰጥታ የማሟያ ጊዜ ትጨምርበታለች እንጂ በር አትዘጋም። አሪዞና ውስጥ ሥነ ዜጋ የሚያስተምር ሰው የአሪዞናን ሕገ መንግሥት ይወቅ ማለት ምኑ ነው ግፉ?

ቬጋስ፦
ለሥነ ዜጋው እሺ። ለስፖርት መምህሩስ? ስለ ዝቅተኛው በር ደግሞ፣ እህቴ፣ ኮምፓክቱ ከወታደሮችና ከትዳር ጓደኞቻቸው በቀር ጊዜያዊ ላይሰንስ አይቀበልም። በዲሲፕሊን የተቀጣ መምህርም ስቴቶች የሚጋሩት የናስድቴክ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ዘኮተቤ፦
ሁለታችሁም አገር ቤት የሠለጠነውን ረሳችሁት። የኮምፓክቱ ቃል «ስቴት ያጸደቀው ሥልጠና» ነው። ከኮተቤ ወይም ከባሕር ዳር ተመርቆ፣ ዲግሪውን አስገምግሞ በአንዱ ስቴት ላይሰንስ ያገኘ ሰው ሌላው ስቴት እንዳለ ይቀበለኛል ብሎ መነሳት የለበትም። አስቀድሞ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

ግምገማውም ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ዲግሪው ከአሜሪካ የትኛው ዲግሪ ጋር እንደሚስተካከል ብቻ ይናገራል፤ ለላይሰንስ የሚፈለገው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝረው ነው። ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ብሎ ርካሹን የሚያሠራ ሰው ኋላ ሁለቴ ይከፍላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ስም ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ሦስት ስም፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ፣ ፕራክሲሱ ላይ የአባት ስም ብቻ። ጸጋዬ አንዱ ጋ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው ጋ በ«ቲ» ብቻ ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲው የላከው ወረቀትና የፈተናው ውጤት የአንድ ሰው ፋይል ውስጥ ሳይገናኙ ይቀራሉ፣ አመልካቹም «ወረቀት ጎድሏል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ስሞቹ ሁሉ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ፣ በኖተሪ የተፈረመ ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። አሻራን በተመለከተ ግን መፍትሔ የለም፣ የድሮው አይተላለፍም፤ እንደገና መስጠት ነው።

ጡረታ ይቅደም፦
ስለ ላይሰንስ ትጣላላችሁ፤ ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮምፓክቱ ስለ ደመወዝ እርከንና ስለ ጡረታ ምንም አያደርግላችሁም።

እርከኑን የሚወስነው የሚቀጥራችሁ የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት ነው። 15 ዓመት ያስተማረውን በ5 ወይም በ10 ዓመት ብቻ የሚቆጥር አለ። የልምድ ማረጋገጫ ቅጹን የሚሞላው የቀድሞው ዲስትሪክት ስለሆነ፣ ሳይለቁ በፊት ማስሞላት ይሻላል። በተባለው ቀን ካልደረሰ እንደ ጀማሪ ነው የሚከፈላችሁ።

ጡረታ ደግሞ፦ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2011 ወዲህ ለተቀጠሩ መብቱ የሚጸናው በ10 ዓመት ነው፤ ቨርጂኒያ በ5። ሜሪላንድ 8 ዓመት ሠርቶ የሚሄድ ሰው ያዋጣውን ከወለዱ ጋር ይወስዳል እንጂ ወርኃዊ ጡረታ አያገኝም። ገንዘቡንም በእጅ ከመቀበል በቀጥታ ወደ አይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ማዛወር ነው፤ አለዚያ 20 በመቶው ለግብር ይያዛል፣ ዕድሜው ከ59 ዓመት ተኩል በታች ከሆነም ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ቅጣት አለ።

አሁን ቬጋስና ኦሮራ የምትሉትን ልንካ። ኔቫዳና ኮሎራዶ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሶሻል ሴኩሪቲ (የፌዴራል መንግሥቱ ጡረታ) አይከፍልም፤ የስቴቱ ጡረታ ብቻ ነው ያለው። ሶሻል ሴኩሪቲ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም 10 ዓመት ያስፈልጋል። በአርባ ዓመቱ መጥቶ 7 ዓመት የከፈለ ሐበሻ እዚያ ሲሄድ ቆጠራው 28 ላይ ይቆማል። በጥር 2025 የወጣው ሕግ ሁለቱን ጡረታ የሚያገኙ ሰዎች ላይ የነበረውን ቅነሳ አነሳ እንጂ 40 ላልሞላለት የሚጨምርለት የለም።

ቬጋስ፦
ይህ ላይሰንሱ እንዳይሠራ ምክንያት ይሆናል እንዴ?

ጡረታ ይቅደም፦
አይሆንም። ላይሰንሱ ይሥራ እላለሁ። የኮምፓክቱ ደጋፊዎች «መንገዱ ተከፈተ» ሲሉ ግን የ12 ዓመት መምህር ለምን ከቦታው እንደማይነቃነቅ ይህንንም ይንገሩ።

አርሊንግተን፦
በዚህስ ተስማማን። አንድ የቀን ገደብ ልጨምር፦ ቴክሳስ ያላችሁ፣ ውል ፈርማችሁ ሳለ ትምህርት ከሚጀመርበት ከ30 ቀን ባነሰ ጊዜ ከለቀቃችሁና ዲስትሪክቱ ካመለከተ ላይሰንሳችሁ ሊታገድ ይችላል። ቬጋስ የጻፈውን ደግማችሁ አንብቡት፤ ኮምፓክቱ የሚቀበለው እገዳ የሌለበትን ነው።