ካርዱ «ተዛውራለች» ይላል፣ ልጄ ግን ማንበብ አትችልም። ላስደግማት?

የኮምቦልቻዋ

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ነበረች። ባለፈው ሳምንት ካርድ ወሰድን። አማካይ 58.4፣ ከ61 ልጅ 27ኛ። ከታች «ወደ 5ኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል፣ ማኅተም አርፎበታል። አባቷ በደስታ ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ከፈተ።

በማግስቱ ሻይ ቤት ስታግዘኝ የአስቤዛ ዝርዝር ሰጠኋትና «እስኪ አንብቢልኝ፣ እጄ ሊጥ ነክቷል» አልኳት። «ስኳር» አለች ወዲያው። ስኳር ሁሌ መጀመሪያ ላይ እንደሚጻፍ ታውቃላ! ቀጥሎ «ጤና አዳም» ነበር። ዝም አለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማ «ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ፣ ጤ» ትላለች፣ በአውራ ጣቷ ሌሎቹን ጣቶች እየቆጠረች። ደግሞ ወደ «ና» ሄደች፦ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና»። «አዳም» ላይ ስትደርስ «ጤና»ን ረስታዋለች።

ፊደሉን በዜማ በሏት፣ ከሀ እስከ ፐ ትንፋሽ ሳትወስድ ትወጣዋለች። ከመሀል አንዱን ብትጠቁሟት ግን ከመጀመሪያ ተነሥታ ካልቆጠረች አታገኘውም።

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። 1ኛ ክፍል የገባችው በ2014 ነው። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ፤ እኛም ልጅ አዝለን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ተመልሰን ትምህርት ሲጀመር ከመስኮት መስተዋቱም ከመጽሐፉም ብዙ አልቀረም ነበር። ሰኔ ላይ «ተዛውራለች»። 2ኛም ተዛወረች፣ 3ኛም ተዛወረች። እኔም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ማታ 3 ሰዓት የምዘጋ ሰው ነኝ፤ ካርድ አይቼ አመሰግናለሁ፣ አለቀ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ትምህርት ቤት ሄጄ ትድገምልኝ አልኩ። ምክትሉ ሳቁ። «ሌላው ወላጅ አሳልፉልኝ ብሎ ደጅ ይጠናል፣ አንቺ ጣሉልኝ ትያለሽ? ሮስተሩ ተዘግቷል» አሉኝ። አባቷ ደግሞ «ጓደኞቿ ሲያልፉ እሷን ከታናናሾቿ ጋር ልታስቀምጫት ነው?» ብሎ ተቆጣ። ገጠር ያለችው አያቷ «ካልገባት ለምን ታስጨንቂያታለሽ፣ ሴት ልጅ አይደለች» አለች። ይቺ ነገር ወዴት እንደምትሄድ ስለማውቅ እንቅልፍ አጣሁ።

ላስደግማት ወይስ ትለፍ? ያየ ሰው ይምከረኝ።


ቾክ በኪሴ

እታለም፣ አብሽሪ። ደሴ ውስጥ 19 ዓመት አስተምሬአለሁ። መጀመሪያ ስለዚያች 58.4 ልንገርሽ፤ እንደ እሷ ያለችውን የምሞላው እኔ ነኝና።

ለደብተር አያያዝ ይሰጣል። ለተሳትፎ ይሰጣል። የቡድን ሥራ አለ፤ አንዷ ጎበዝ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ክወናና እይታ ጥበብ ላይ 80 ያላገኘ ልጅ አላውቅም። ፈተናው ምርጫ ነው፣ ጎን ያለችው ደግሞ ጓደኛ ነች። አንድ መስመር ሳታነብ 50ን የምታልፍ ልጅ አለች፣ በየዓመቱ አያታለሁ። 15 ልጅ ጥዬ ቢሮ ተጠርቼም አውቃለሁ። «ምን ስትሠራ ነበር?» ተባልኩ፤ መልስ አልነበረኝም።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ ልጆቹ በተከታታይ ምዘና እየታገዙ እንዲያልፉ ነበር የታሰበው። እኛ ፍሪ ፕሮሞሽን የምንለው እሱ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ደካማውን በየሳምንቱ ለይተህ ትደግፋለህ፣ ስለዚህ መጣል አያስፈልግህም። 60 እና 70 ልጅ በአንድ ክፍል ሲታጨቅ ግን ድጋፉ ቀረና ማዛወሩ ብቻ ተረፈ። የዚህ ሁሉ ሒሳብ የሚወራረደው 12ኛ ላይ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት በ2015 ጥር ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ።

ታዲያ ትድገም? እኔ አትድገም ባይ ነኝ። ብትደግም ያው መጽሐፍ፣ ያው 60 ልጅ፣ ምናልባት ያው መምህር ነው የሚጠብቃት። ቀዳዳዋ ያለው 1ኛ ክፍል ላይ ነው፤ 4ኛ ክፍል ገብቶ ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ደግሞ የለም። በፈረንጆቹ 2001 ሼን ጂመርሰን የሚባል አሜሪካዊ 20 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ ነበር፤ የደገሙት ልጆች ሳይደግሙ ካለፉት መሰሎቻቸው በልጠው አልተገኙም። አገሩ ሌላ ነው፣ እኔ ግን በክፍሌ ያየሁትም እሱኑ ነው። የደገመ ልጅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ትልቅነቱን ይደብቃል።

ክረምቱ ሁለት ወር ነው። ሥራው እዚያ ላይ ነው።


ጦሳ ሥር

መምህር፣ አክብሬዎት ግን አልስማማም። እኔ 6ኛ ክፍልን ደግሜ ነው ሰው የሆንኩት። አባቴ ራሱ ነው ያስደገመኝ። የመጀመሪያው ወር እሳት ነበር፤ «ደጋሚ» እያሉ እስከ ቧንቧ ውሃ ድረስ ይከተሉኝ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ሒሳብ መምህሩ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በፊት እጅ አውጥቼ አላውቅም።

ቾክ በኪሴ

ወንድሜ፣ አንተን ያዳነህ መድገሙ ነው ወይስ አጠገብህ የተቀመጠው አባትህ?

ጦሳ ሥር

ማታ ማታ በኩራዝ ያስጠናኝ ነበር፣ እውነት ነው። እሺ፣ ግማሹን ወስደዋል።


ደብል መቺው

የእኔን ደግሞ ስሙ። ጎበዝ ነው ተብሎ ደብል አስመቱኝ፤ ከ3ኛ ዘልዬ 5ኛ ገባሁ። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር ያስተማሩት ለካ በዘለልኩት ዓመት ነው! እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እደምር ነበር። ማንም አልጠረጠረኝም፣ ጎበዝ ነኛ። ያንቺም ልጅ በጦርነቱ 1ኛን እንደኔው ዘላለች፣ ልዩነቱ እሷን የጠየቃት የለም።


ደላንታዬ

እናንተ በካርድ ትከራከራላችሁ፣ የእኛ ልጆች ካርድ ካዩ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የወንድሜ ልጅ 14 ሞላው፣ ያቆመው 4ኛ ላይ ነው። ነገ ቢከፈት ከ10 ዓመት ልጅ ጋር አይቀመጥም፣ ወደ አረብ አገር ነው የሚያስበው። ስፒድ ስኩል የሚሉት፣ የ3 ዓመቱን ትምህርት በ10 ወር ጨርሶ 4ኛ የሚያስገባ ነገር አለ፤ ለእንደሱ ላለው ትልቅ ልጅም የ5ኛውንና የ6ኛውን የሚያጥፍ ቢኖር ምን አለበት? እህቴ፣ ልጅሽን በምንም ብለሽ ከትምህርት ቤት አታስቀሪያት። ሌላው ይደረስበታል።


አያ ባለ ዳዊት

ልጆቼ፣ እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ክፍል የሚባል ነገር አልነበረንም። ያልያዝከውን አታልፍም፣ የያዝክ ዕለት ታልፋለህ፣ አብሮህ የጀመረው ቀድሞህ ዳዊት ቢገባም የሚስቅብህ የለም። እስላም ጎረቤቶቻችንም ቁርኣን ቤት እንደዚያው ነበሩ፤ ልጁ የተጻፈለትን ሳይዝ የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሁ፣ አይታጠብም።

የኮምቦልቻዋ ልጄ፣ የጻፍሽው በሽታ እኛም ዘንድ ነበር። ሕፃን «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን እንደ ዘፈን ይሸመድደዋል፣ ዓይኑ ግን አላየውም። ለዚህ ነው አቡጊዳ የሚቀጥለው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉን ከየቤቱ አውጥቶ ይቀላቅለዋል። ዜማው ሲሰበርበት ልጁ ሳይወድ ፊደሉን ማየት ይጀምራል። የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፊና በውዘሽ ስጫት። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ስትቆጥር አትቆጪያት፣ ቁጥሩ በራሱ ይተዋታል።


የኮምቦልቻዋ

አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ አሥራ ሁለት ቀን ሞክሬ ልንገራችሁ ብዬ።

የብስኩት ካርቶን ቀድጄ 49 ፊደል ጻፍኩ፣ እንደ አያ አቡጊዳ ቀላቅዬ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደንበኛ ሲቀንስ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ እንጫወታለን። ያወቀችውን ትወስዳለች፣ ያላወቀችው ለእኔ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን 38ቱን በላሁ። አለቀሰች። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ሻዩን ይዞ መጥቶ «እኔም ልጫወት» አለና ሆን ብሎ ተሸነፈላት። ከዚያ ወዲህ ራሷ ነች ካርቶኑን የምታመጣው።

ትናንት እኔ የበላሁት 9 ብቻ ነው። አውራ ጣቷ አሁንም ትንቀሳቀሳለች፣ በተለይ «ጰ» እና «ፀ» ላይ።

5ኛ ትግባ ብለን ከአባቷ ጋር ተስማምተናል። መስከረም ላይ ግን መምህሯን ቀድሜ አገኛለሁ፣ ካርዱን ትቼ ካርቶኑን ይዤ። መምህር፣ አንድ ጥያቄ፦ ከፊደሉ ቀጥሎ ቃል ነው ወይስ በቀጥታ አጭር ታሪክ? የ2ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ያለው ሰው ካለም፣ ያረጀ ቢሆን ግድ የለም፣ ሻይ በነፃ ነው።


ቾክ በኪሴ

ቃል። ሁለት ፊደል ያላቸውን አስቀድሚ፤ ቤት፣ ላም፣ ዳቦ። ዝርዝርሽንም ራሷ ትጻፈው። መጽሐፉ እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሻዩ ግን በጤና አዳም ይሁንልኝ።