ለባለጸጋ ክለቦች የገንዘብ ቅጣት በእርግጥ ቅጣት ነው?

ሰባት ቁጥር (ጥያቄ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ለብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2014 ማንችስተር ሲቲና ፓሪ ሰን ዠርማ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ክለቦች ከገቢያቸው በላይ እንዳያወጡ ያወጣውን የፋይናንስ ደንብ በመጣሳቸው እያንዳንዳቸው 60 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተወሰነባቸው፤ ይሁን እንጂ 40 ሚሊዮኑ በቅድመ ሁኔታ የታገደ ስለነበር፣ ግዴታቸውን እስከተወጡ ድረስ ከኪሳቸው የሚወጣው 20 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪ ሰን ዠርማ ለኔይማር ዝውውር ብቻ 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። በ2022 ያው ክለብ በድጋሚ 65 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣም፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲከፍል የተወሰነበት 10 ሚሊዮኑን ነው።

የእንግሊዙ ኤቨርተን ግን የሊጉን የኪሳራ ገደብ በማለፉ በኖቬምበር 2023 በአንድ ውሳኔ 10 ነጥብ አጣ። ሀብታሙ በገንዘብ፣ ከእሱ ያነሰው በነጥብ የሚቀጣው በምን ምክንያት ነው? የአንድ አገር ሀብት ከጀርባው ለቆመለት ክለብ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ነው ወይስ የፈቃድ ክፍያ? ጉዳዩን በቅርብ የምትከታተሉ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሒሳብ መርማሪ

ሰባት ቁጥር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሁለት የተለያዩ ተቋማትን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ስላስቀመጡ መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። ፓሪ ሰን ዠርማን የቀጣው ዩኤፋ ነው፤ ኤቨርተንን የቀጣው ደግሞ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደንብ መሠረት የተሰየመ ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። ዩኤፋ አብዛኛውን ጊዜ ከክለቦች ጋር በስምምነት ጉዳዩን መዝጋት ይመርጣል፣ ከስምምነቱም የሚገኘው የገንዘብ ቅጣትና የወጪ ገደብ ነው። የእንግሊዙ ኮሚሽን ግን የተነሣው ልክ እርስዎ ከጠየቁት ጥያቄ ነው፤ በኤቨርተን ውሳኔ ላይ እንዳስቀመጠው፣ ባለጸጋ ባለቤት ለሚደግፈው ክለብ የገንዘብ ቅጣት በቂ ቅጣት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጥርጣሬዎን ዳኞቹም ይጋሩታል ማለት ነው።

ስለ ደንቡ አሠራር በአጭሩ ልግለጽ። እስከ 2025-26 የውድድር ዓመት በነበረው ደንብ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያስመዘግብ የሚችለው ከፍተኛ ኪሳራ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ለወጣቶች አካዳሚ፣ ለሴቶች ቡድንና ለስታዲየም ግንባታ የሚወጣው ወጪ ከዚህ ስሌት ይቀነስ ነበር። ኤቨርተን እስከ 2021-22 በነበሩት ዓመታት የደረሰበት ኪሳራ 124.5 ሚሊዮን ሆኖ በመገኘቱ ገደቡን በ19.5 ሚሊዮን አልፏል። ኖቲንግሃም ፎረስት ከሦስቱ ዓመታት ሁለቱን በታችኛው ሊግ ስላሳለፈ የተፈቀደለት 61 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ እሱም ይህን በ34.5 ሚሊዮን አለፈ።

አሁን ሰዎች ብዙም የማያስተውሉትን ነገር ላንሣ። አንድ ክለብ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ በሒሳብ መዝገቡ ላይ በየዓመቱ የሚታየው ወጪ 20 ሚሊዮን ብቻ ነው። ውሉ ስምንት ዓመት ከሆነ ደግሞ ወደ 12.5 ሚሊዮን ይወርዳል። ቼልሲ ተጫዋቾቹን ሙድሪክንና ኤንዞ ፈርናንዴዝን ለስምንት ዓመት ተኩል ያስፈረመበት አንዱ ጥቅም ይህ ነበር፤ ዩኤፋ በ2023፣ ፕሪሚየር ሊጉም እሱን ተከትሎ፣ ስሌቱ ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይከፋፈል የከለከሉትም ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላው ተከፈተ። ቼልሲ በስታምፎርድ ብሪጅ የሚገኙትን ሁለት ሆቴሎች የራሱ ባለቤቶች ለሚያስተዳድሩት እኅት ኩባንያ በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የእንግሊዙ ደንብ ይህን ገቢ አልከለከለም፤ ዩኤፋ ግን እንዲህ ዓይነቱን የውስጥ ሽያጭ በስሌቱ ውስጥ አያስገባም፤ በ2025 ክለቡን ያለ ቅድመ ሁኔታ 31 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣም ይህ ልዩነት ድርሻ ነበረው። ከአንድ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪስ መክተት በምንም መለኪያ ገቢ ሊባል አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የተጻፈ ደንብ ያልከለከለውን ማንም ዳኛ ሊቀጣበት አይችልም።

የጉዲሰን ልጅ

እኔ የኤቨርተን ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረውን በዚያ መዝኑልኝ። ውሳኔው በተሰማበት ቀን እጅግ ተቆጥቼ ነበር። ይግባኙ በፌብሩዋሪ 2024 ቅጣቱን ወደ 6 ነጥብ ሲያወርደው እፎይ አልኩ፤ በኤፕሪል ደግሞ በሁለተኛ ክስ ተጨማሪ 2 ነጥብ ሲቀነስብን እንደገና አዘንኩ። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ክለቤ ጥፋተኛ ነበር ከማለት ውጪ የምለው የለኝም። ባለቤቱ ለዓመታት ያለ ዕቅድ ተጫዋቾችን ገዛ፣ አሠልጣኞችን ቀያየረ፣ ለተሰናባቾቹም ካሣ ከፈለ፤ ይህን ሁሉ በዓይናችን አይተናል።

የሚያሳዝነኝ ቅጣቱ የወደቀበት ጊዜ ነው። በ2021-22 ኤቨርተን የጨረሰው በ39 ነጥብ ነበር፤ በርንሊ በ35 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ወረደ። በመጨረሻ የጸናው የ6 ነጥብ ቅነሳ በዚያው ዓመት ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ እኛ በ33 ነጥብ እንወርድ፣ በርንሊም ይተርፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እኛ 36፣ ሌስተር ሲቲ ደግሞ 34 ነጥብ ይዘን ጨረስን፤ የመጨረሻው ቀን ላይ ቦርንማውዝን 1 ለ 0 አሸንፈን ተረፍን፣ እነሱ ወረዱ። ቅጣቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2023-24 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ቡድናችን ጠንካራ ስለነበር 8 ነጥብ ተቀንሶበትም 40 ነጥብ ይዞ 15ኛ ሆነ። ፎረስትም 4 ነጥብ አጥቶ በ32 ነጥብ ተረፈ። እንግዲህ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ምንም ያላጠፋው በርንሊ ነው። ይህን የምለው የክለቤን ጥፋት ለማሳነስ አይደለም፤ የነጥብ ቅነሳም ቢሆን ከዘገየ ከገንዘብ ቅጣት የማይሻልበት ጊዜ እንዳለ ለማሳየት ነው።

ሰባት ቁጥር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድማችን የጉዲሰን ልጅ በራሱ ክለብ ላይ እንዲህ በሐቅ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ያልተመለሰልኝ ግን አንድ ነገር አለ። የኤቨርተን ጉዳይ ክስ ከቀረበበት ጀምሮ በወራት ውስጥ ውሳኔ ካገኘ፣ በማንችስተር ሲቲ ላይ የቀረበው ክስ ዓመታት የፈጀው ለምንድን ነው? ብዙዎች ሀብታም ስለሆነ ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ።

ሕግ ተማሪ

ሀብት ድርሻ የለውም አልልም፤ በአገሪቱ ያሉ ምርጥ ጠበቆችን ለዓመታት ለማቆም አቅም ይጠይቃል። ዋናው ልዩነት ግን በክሱ ዓይነት ላይ ነው። ኤቨርተን ገደቡን ማለፉን ክለቡ ራሱ በሒደቱ ውስጥ አምኗል፤ ክርክሩ የቀረው በቅጣቱ መጠን ላይ ነበር። ፎረስትም ቀድሞ ስላመነና ስለተባበረ ኮሚሽኑ ካሰበው 6 ነጥብ ላይ 2 ቀንሶለታል። ብሬናን ጆንሰንን ከጁን 30 በፊት ከመሸጥ ይልቅ ቆይቶ በሴፕቴምበር 1 ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ በመሸጡ የተሻለ ዋጋ አግኝቻለሁ የሚለው መከራከሪያው ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክንያቱም የሒሳብ ዓመቱ ተዘግቶ ነበር። እነዚህ ጉዳዮች በቀረበ የሒሳብ መዝገብ ላይ የሚፈጸሙ መደመርና መቀነስ ናቸው።

በማንችስተር ሲቲ ላይ በፌብሩዋሪ 2023 የቀረቡት ከመቶ በላይ ክሶች ግን በመሠረቱ የቀረበው መዝገብ እውነተኛ አይደለም የሚሉ ናቸው። ከ2009-10 ጀምሮ ዘጠኝ የውድድር ዓመታትን የሚሸፍኑ ሲሆን፣ የስፖንሰር ገቢ ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ከማን እንደመጣ፣ ለአሠልጣኝና ለተጫዋቾች የተከፈለው ሁሉ ተገልጾ እንደሆነ፣ ክለቡም ለምርመራው ተባብሮ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ክለቡ ሁሉንም ክዷል። የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ እንዳልሆነ መርሳት የለብንም። ክሱን ማረጋገጥ ያለበት ሊጉ ነው፤ ለዚህም ኢሜይሎች፣ የባንክ ሰነዶችና ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ክሱ መሰማት የጀመረው በሴፕቴምበር 2024 ሲሆን እስከ ዲሴምበር ቀጥሏል።

ከዚህ ቀደም የሆነውንም አስታውሱ። ዩኤፋ በፌብሩዋሪ 2020 ይህንኑ ክለብ ለሁለት ዓመት ከአውሮፓ ውድድር አግዶ 30 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶት ነበር። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጁላይ ወር እገዳውን ሽሮ ቅጣቱን ወደ 10 ሚሊዮን አወረደው፤ ያጸናውም ለምርመራው አለመተባበሩን ብቻ ነው። ከክሶቹ ገሚሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም ተባለ፣ ሌላው ደግሞ የዩኤፋ የአምስት ዓመት ይርጋ ስላለፈው ሊታይ አልቻለም። ለእኔ ከዚህ ውሳኔ የሚገኘው ትምህርት በይርጋው ላይ ነው፦ ምርመራን ማዘግየት የሚጠቅም ከሆነ፣ ለማዘግየት ገንዘብ ያለው ሁሉ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሰባት ቁጥር፣ ሀብት ዳኛን ይገዛል ከማለት ይልቅ ጊዜን ይገዛል ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

የጉዲሰን ልጅ የጠየቁት ፈጣን ቅጣት በጣሊያን ተሞክሯል። ጁቬንቱስ በዝውውር ትርፍ አመዘጋገብ ምክንያት በጃንዋሪ 2023፣ ውድድሩ በመካሄድ ላይ እያለ፣ 15 ነጥብ ተቀነሰበት። በኤፕሪል ነጥቡ ተመለሰለት፤ ጉዳዩም እንደገና እንዲታይ ተላከ። በሜይ 22፣ ቡድኑ ከኤምፖሊ ጋር ሊጫወት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ የ10 ነጥብ ቅነሳ ተነገረው፤ ጨዋታውንም 4 ለ 1 ተሸነፈ። በመጨረሻ በ62 ነጥብ 7ኛ ሆኖ ሻምፒዮንስ ሊግን አጣ፣ ዩኤፋም በተከታዩ ዓመት ከኮንፈረንስ ሊግ አገደው። ከገንዘብ መቀጮ ሁሉ ይልቅ ይህ ክለቡን በእጅጉ ጎድቶታል፤ በሻምፒዮንስ ሊግ የሚገኘውን ገቢ ማጣት ብቻውን ትልቅ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ ለአራት ወራት ያህል በሊጉ ውስጥ ማንም ቡድን የደረጃ ሠንጠረዡ እውነተኛ ይሁን አይሁን አያውቅም ነበር። ፍጥነትም የራሱ ጉዳት አለው።

አሠልጣኝ

የተባለውን ሁሉ በጥሞና አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሁላችሁም የተናገራችሁት ደንቡን ስለጣሱት ነው። እኔ ደንቡን ለማክበር ሲባል ስለሚደረገው ልናገር። ሒሳብ መርማሪ የተጫዋች መግዣ ዋጋ በየዓመቱ እንደሚከፋፈል አስረድተዋል፤ የሽያጩን ግን አልነገሩንም። በአካዳሚ ያደገ ልጅ መግዣ ዋጋ ስለሌለው፣ ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ሁሉ በዚያው ዓመት ንጹሕ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት ወደ ገደቡ የተጠጋ ክለብ መጀመሪያ የሚያየው ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ልጅ ነው።

በጁን 2024 የሆነውን ተመልከቱ። የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት አስቶን ቪላ ቲም ኢሮግቡናምን ለኤቨርተን ሸጠ፣ ኤቨርተንም ሉዊስ ዶቢንን ለቪላ ሸጠ፤ ቪላ ወጣቱን ኦማሪ ኬሊማንን ለቼልሲ ሰጥቶ ኢያን ማትሰንን ከዚያው ክለብ ወሰደ። ኒውካስል በአካባቢው የተወለደውንና በአካዳሚው ያደገውን ኤሊየት አንደርሰንን ለፎረስት አሳልፎ ሰጠ። የኒውካስል ባለቤቶች በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ባለጸጋ የክለብ ባለቤቶች መካከል ሆነው ሳለ፣ ደንቡ ያንን ሀብት እንዲያወጡ ስለማይፈቅድላቸው ልጁ ሄደ። ሕፃናትን ለማሠልጠን ዕድሜዬን የሰጠሁ ሰው በመሆኔ ይህን ሳይ ልቤ ይደማል። አካዳሚ የሚመሠረተው ልጁ አንድ ቀን በራሱ ሕዝብ ፊት እንዲጫወት ነው፤ ደንቡ ግን ያንኑ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጥ አድርጎታል።

ዩኤፋ አሁን የሚከተለው ደንብ የተጫዋቾች ደመወዝ፣ የዝውውርና የወኪል ወጪ ከገቢው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ፕሪሚየር ሊጉም ከ2026-27 ጀምሮ 85 በመቶ የሚል ተመሳሳይ ገደብ እንዲኖር ወስኗል። በዚህም ስሌት ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ከገቢው ጋር ይደመራል። እኔ የምጠይቀው በአካዳሚ ያደገ ተጫዋች ሽያጭ በዚህ ድምር ውስጥ እንዳይገባ፣ ወይም ቢያንስ እንደ መግዣው ሁሉ በአምስት ዓመት እንዲከፋፈል ነው።