አንባቢ ረዳት እንዲመደብልኝ እንዴት ልጠይቅ? ጨንቆኛል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ነው የምኖረው፤ ማየት የተሳነኝ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ከሥራዬ ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲዬን እየሠራሁ ነው።

እንግሊዝኛው ብዙም አይቸግረኝም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ስክሪን ሪደር (በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያነብልኛል። ጭንቄ አማርኛው ላይ ነው። ለጥናቴ የምፈልጋቸው ሰነዶች በስልክ ፎቶ የተነሱ ገጾች ናቸው። ስከፍታቸው ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ቴሰራክት በሚባል፣ በምስል ላይ ያሉ ፊደላትን ለይቶ በሚያወጣ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ሞከርኩ። ገጹ ከደበዘዘ ግን «ለ»ን «ሰ» እያደረገ ዓረፍተ ነገሩን ያጠፋብኛል።

እስካሁን ታናሽ እህቴ ነበረች የምታነብልኝ። ማታ ማታ፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ረከቦቱ ሲነሳ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ። የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አትዘልም ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ሥራ አግኝታ ሄደች። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ንባቤ ግን ቆመ።

መሥሪያ ቤቴን ረዳት ስጠይቅ «በጀት የለም» አሉኝ፣ ያውም በቃል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «አሠሪህን ጠይቅ» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውን እንዲሠራ ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል ረዳት እንዲመድብ ያዛል።

በዚህ አዋጅ ጠይቃችሁ የተሳካላችሁ አላችሁ? ማመልከቻውን ለማን ጻፋችሁ? ለሰው ሀብት ነው ወይስ ለኃላፊው? የደበዘዘ የአማርኛ ገጽ አጽድታችሁ ወደ ጽሑፍ የቀየራችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ። ደሴ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን በክፍያ የሚያነብልኝ ሰው ብትጠቁሙኝም ትልቅ ውለታ ነው።