ወንዱ ናሙናዬ አንድ ብቻ ነው፣ እንዳላበላሸው እርዱኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ ሰከላ ግልገል አባይ ዳር የጠጠሩን ደለል እየቆፈርኩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በስስ መረብ አጠልላለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሁሉ ኮፔፖድ (ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከሽሪምፕ ጋር የሚዛመድ ደቃቅ እንስሳ) መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን አንዷን ጠጋ ብዬ ሳያት 1 ሚሊሜትር አካባቢ ናት፣ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነች፣ ዓይን የላት፣ ጀርባዋ ላይ ሽፋን የላት፣ እግሯን ስቆጥር ደግሞ 7 ጥንድ! የኮፔፖድ የመዋኛ እግር ከ5 ጥንድ አያልፍማ። ባቲኔላ (እሷም የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ፣ ከመሬት ሥር ባለ ውሃ የምትኖር) ናት አልኩ፣ ይሄ ወገን መጀመሪያ የተገለጸው በ1882 እ.ኤ.አ. ከፕራግ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ እዚህ ጎጃም ጠጠር ሥር ሳገኛት እንቅልፍ አልወሰደኝም በእውነት።

አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው፣ ዝርያዋን ለመለየት ከ7ቱ ጥንድ ቀጥሎ ያለው የወንዱ 8ኛ ጥንድ እግር ወሳኝ ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። አንዷን ሴት ግሊሰሪን ላይ አድርጌ በስፌት መርፌ ልለያይ ስሞክር ተጨፈለቀችብኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ሌሎቹን በሰው ምክር ፎርማሊን ውስጥ ነከርኳቸው፣ ለዲኤንኤ እንደማይመች የገባኝ ዘግይቶ ነው። 95% አልኮል ውስጥ የቀረኝ ይሄ ወንድ ብቻ ነው።

እግሩን የምትለያዩበትን መርፌ ከምንድን ነው የምትሠሩት? ደግሞስ ጅራቱን ለዲኤንኤ ቆርጬ የፊት ክፍሉን ለስላይድ ባስቀር ያስኬዳል ወይስ መጀመሪያ ሥዕሉን ልሳል? ጠጠሩ ጋ ለመመለስ ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ አለብኝ፣ ወንዙ ሞልቷል።