በስምንት ብር ኪራይ ምን ይጠገናል? (ስለ ቀበሌ ቤትና ስለፈረሱት ሰፈሮች የተነሳ ክርክር)

የካዛንቺስ ልጅ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ መሐንዲሱ ስለፈረሱት የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ስለ ፒያሳና ስለ ካዛንቺስ ሲጽፍ "በወር ስምንት ብር እየከፈላችሁ ምን እንዲጠገንላችሁ ጠበቃችሁ፣ ሰፈሩን ያበላሻችሁት ራሳችሁ ናችሁ" አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ነው ያደረው። እኔ ቀበሌ ቤት ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ እናቴ ኪራይ አሳልፋ አታውቅም፣ ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል አስራ ነበር የምታስቀምጠው። ቤቱ የማን ነው? የቀበሌ። ጣራው ሲያፈስ ማደስ ያለበት ማነው? አከራዩ ነዋ! እሺ እሱ ይቅር፣ በራሳችን ገንዘብ ቆርቆሮ እንቀይር ብለን ስንሄድ ወረዳው "ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ተይዟል ፈቃድ አንሰጥም" እያለ ስንቱን ክረምት ሳፋ ደርድረን አሳለፍነው። መጨረሻ ላይ መጥተው "የተጎሳቆለ ሰፈር" አሉት። ማነው ያጎሳቆለው?

መሐንዲሱ፦
ያልኩትን አልክድም፣ እደግመዋለሁ። በስምንት ብር ምን ይጠገናል? ሚስማር እንኳን አይገዛም። የጭቃ ቤት ዕድሜ አለው ወንድሜ፣ በ67 ሲወረስ ራሱ አሮጌ የነበረ ቤት፣ እንጨቱን ምስጥ የበላው፣ ቆጥ ተሠርቶለት ስንት ቤተሰብ የታጨቀበት፣ ለመንደሩ በሙሉ አንድ ሽንት ቤት፣ ያም ሞልቶ ሲፈስ መጣጭ መኪና የሚገባበት መንገድ የለውም። ዶሮ ማነቂያን አላየኸውም? እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና በየት ይገባ ነበር? ሰዉ እንዲህ እንዲኖር የምትፈልገው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

እሙዬ፦
መሐንዲስ ወንድሜ፣ ስምንት ብር ስምንት ብር አትበልብን። ዋጋውን የተመነው ተከራዩ አይደለም። ደርግ በአዋጅ 47/67 ትርፍ ቤቱን ወርሶ ኪራዩን ቀንሶ ከመቶ ብር በታች የሚከራየውን ለቀበሌ፣ ከዛ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያከፋፍል እናቶቻችንን ማን ጠየቃቸው? ከዛ በኋላ የመጣውም እንዳለ ተወው። ለምን አልጨመሩም ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ የሚመስለኝ ኪራይ ከጨመሩ ጠግኑ ስለሚባሉ ነው። በርካሽ ተዉን፣ ቤቱንም ተዉት፣ ከዛ ሲበሰብስ መሬቱ ተፈለገ።

ጠበቃው፦
እሙዬ ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኪራዩ ማነስ አከራዩን ከግዴታው ነፃ አያወጣውም፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት እንዲውል አድርጎ መጠበቅ አለበት ነው የሚለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ መኖሪያ ቤትን ከትምህርትና ከጤና፣ ከንፁህ ውሃ ጋር አንድ ላይ ዘርዝሮታል። አንቀጽ 40 ደግሞ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ መሬቱን የያዘው፣ ቤቱን የሚያከራየው፣ የጥገና ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው አንድ አካል ከሆነ ተከራዩን በምን ሂሳብ ነው ጥፋተኛ የምናደርገው?

መሐንዲሱ፦
አንቀጽ 90ን ስትጠቅስ አትቁረጠው እንጂ፣ "የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን" ነው የሚለው። አቅም! ደግሞ ከተማው ዝም አላለም፣ ከከንቲባው ከአርከበ ጊዜ ጀምሮ የተሠራውን ኮንዶሚኒየም ቁጠር፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው የቀበሌ ተከራይ ሜዳ ላይ አልተጣለም፣ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ምረጥ ተብሏል። ከጭቃ ቤት ወጥቶ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤት የገባን ሰው ተበደለ ብለህ ማልቀስ አይገባኝም።

የ2005 ተመዝጋቢ፦
አሁን ደረሳችሁልኝ። እኔ የቀበሌም የግልም ቤት የለኝም፣ በ2005 20/80 ለሚባለው ኮንዶሚኒየም (20 በመቶ ቆጥበህ 80ውን በባንክ ብድር የምትከፍለው) ተመዝግቤ እየቆጠብኩ ነው ያለሁት፣ ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረች ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሐምሌ 2014 ላይ የ25,791 ቤት ዕጣ ወጣ ተባለ፣ ሲስተሙ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፣ ኅዳር ላይ እንደገና ወጣ፣ እኔ የለሁበትም። እኛ ከልጆቻችን አፍ ነጥቀን የቆጠብንበት ቤት ነው ለልማት ተነሺ እየተባለ የሚሰጠው። የካዛንቺስ ልጅ አይክፋህ ግን በስምንት ብር የኖረ ሰው ቅድሚያ አግኝቶ እኔ ደሞዜን ግማሽ ለአከራይ እየሰጠሁ የምጠብቀው ለምንድነው?

የካዛንቺስ ልጅ፦
አንተም ስምንት ብር አልክ! ወንድሜ እናቴ ፈቅዳ አይደለም የተነሳችው። ከሰፈሯ፣ ከእድሯ፣ እንጀራ ከምትሸጥላቸው ደንበኞቿ አንስተው ነው ከተማ ዳር የወሰዷት። እዛ ለማን ትሽጥ? ለኮንዶሚኒየሙም ቅድመ ክፍያና የባንክ ዕዳ አለበት፣ በነፃ ያገኘነው አይምሰልህ። ያንተን ቤት የበላው ሳይሠራ የቀረው ነው እንጂ የእኔ እናት አይደለችም።

የ2005 ተመዝጋቢ፦
እናትህን አልነካሁም፣ እድሜ ይስጣት። የሚሠራው ካልጨመረ ግን ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ነው የሚወሰደው፣ ይሄ እውነት ነው። አሁንማ በማህበር ተደራጁ ነው የሚሉን። ለማህበር የሚሆን ገንዘብ ቢኖረኝ 20/80 ምን አስመዘገበኝ?

እሙዬ፦
የተረሱ ሰዎችም አሉ እኮ። በቀበሌ ቤቱ ጓሮ አንዷን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ጥገኞች፣ ደባሎች፣ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሰው ቤት የምታጥበው ልጅ። ስማቸው ወረዳው መዝገብ ላይ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየሙም ምትክ የቀበሌ ቤቱም አይመለከታቸውም፣ ላስቲካቸውን ጠቅልለው ነው የሄዱት። ከሁሉ የደኸየው እሱ ነው፣ ስለሱ ግን ከሁላችሁም አንድ ቃል አልሰማሁም።

የሜሪላንዱ፦
ከሩቅ ሆኜ ብናገር ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የምኖርበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ሐበሻው የሞላበት ነው፣ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፣ ብዙ ቤት የሚሠራ ሪል ስቴት ከሚሠራው ውስጥ ከ12 በመቶ በላይ የሚሆነውን አቅም ለሌለው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ ይገደዳል። ብዙ የእኛ ሰው ቤት የያዘው በዛ ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀበሌ ቤቶች መሬት ላይ ለሚነሳው ፎቅ ሁሉ እንዲህ ያለ ግዴታ ቢጣል ምን ይጎዳል? መሬቱን በሊዝ የሚሰጠው ከተማው ራሱ ነው፣ ውሉ ላይ መጻፍ ይችላል።

የ2005 ተመዝጋቢ፦
ሜሪላንድ ሆነህ ስለእኛ ቤት ባትመክረን ደስ ይለኛል። 40/60 ለሚባለው ኮንዶሚኒየም (40 በመቶ የሚቆጠብበት) በዶላር የተመዘገባችሁት እናንተ ናችሁ። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ባለቤት ውጭ ሀገር ነው፣ በደላላ ነው የሚያከራየኝ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ኪራይ እንዳሻህ አትጨምር ቢልም ውሉ ላይ ሌላ ዋጋ ነው የተጻፈው፣ በእጅ የምከፍለው ሌላ ነው።

የሜሪላንዱ፦
እኔ አዲስ አበባ ቤት የለኝም፣ አልተመዘገብኩምም። የእኔም እህት ልክ እንዳንተ ተከራይ ናት፣ የኪራይዋን ግማሽ የምልከው እኔ ነኝ። ሐሳቡን ካልወደድከው ሐሳቡን ምታው፣ የምኖርበትን ቦታ አትምታ።

መሐንዲሱ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን ገንቢው ያንን ወጪ ሌላው ገዢ ላይ ይጭነዋል። ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ጥገና ጥገና የምትሉት የትኛውን ቤት ነው? በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ማደስ አይደለም፣ አፍርሶ መሥራት ነው። ይሄ ራሱ ቤቶቹ እንደማይጠገኑ ያሳያል።

ጠበቃው፦
እኔ ደግሞ የሚያሳየኝ ተቃራኒውን ነው። ሲፈለግ እዛው ቦታው ላይ አፍርሶ መሥራት ይቻላል፣ ነዋሪው ሰፈሩን ሳይለቅ። ለጥቂት አሮጊቶች በስፖንሰር የሚሠራው ነገር ለምን በበጀት የከተማው መደበኛ ሥራ አይሆንም? ግዴታን ወደ ስጦታ ቀየራችሁት።

እሙዬ፦
ደግሞስ ኮንዶሚኒየሙን ማን ይጠግነዋል? እህቴ ጀሞ ነው ያለችው፣ የፍሳሹ መስመር ተደፍኖ ምድር ቤት ያለው ሰው በር ላይ ይፈሳል። ኮሚቴው ወረዳው ይሥራ ይላል፣ ወረዳው የጋራ ንብረታችሁ ነው ይላል። በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት የተሠራው ኮሙናል ለንግድ ተከራይቷል፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። መሐንዲሱ ያኔም "ያበላሻችሁት ራሳችሁ ናችሁ" ሊለን ነው?

መሐንዲሱ፦
እዛ ላይ አዎ እላለሁ! ኮንዶሚኒየም የግል ንብረት ነው፣ ካርታ አለው፣ ባለቤቱ ተሰብስቦ ማዋጣት አለበት። ቀበሌ ቤቱ ላይ ግን ከፊሉን ልቀበላችሁ እችላለሁ፣ በአንድ ነገር፦ ገና ያልፈረሱት ሰፈሮች ውስጥ ኪራዩ ወደ 500 ብር ከፍ ይበልና ከተማው ብሩን ሌላ ነገር ላይ ሳያውል ጣራና ሽንት ቤት ይጠግንበት። በስምንት ብር ግን አይሆንም።

የ2005 ተመዝጋቢ፦
500 ብር? እኔ 500 ብር ለውሃና ለጥበቃ ብቻ ነው የምከፍለው። መሐል ከተማ በ500 ብር ቤት ካለ ለእኔም ስጡኝ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
በጡረታ የምትኖር አሮጊት ከየት አምጥታ ነው 500 የምትከፍለው? ደሞ ኪራዩን ከጨመሩ በኋላ ላለማፍረሳቸው ማን ዋስ ይሆናል? በመጀመሪያ ፈቃዱን ይልቀቁ፣ ሰዉ ቆርቆሮውን በራሱ ይቀይር፣ ከዛ ስለ ኪራይ እናወራለን።

መሐንዲሱ፦
በመጀመሪያ ኪራይ፣ ከዛ ፈቃድ። አለበለዚያ ሰው ቁልፍ እየሸጠ፣ ማለትም የቀበሌ ቤቱን በገንዘብ ለሌላ ሰው እያስተላለፈ ይወጣል፣ ያንተ ሰፈር እንደዛ አልነበረም በለኝ እስቲ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ቁልፍ የሸጠው ማነው? ውሉን ወደ ገዢው ስም ያዞረው የወረዳ ሠራተኛ አይደለም እንዴ?